የሰፈር የተፈጥሮ መድረክ በጅማ፦ ከመጀመሪያው ስልክ እስከ ቦዬ ጉዞ

ጅማ ስለ ተፈጥሮ የሚያውቅ ሰው አጥታ አታውቅም። የእርሻ ኮሌጁ በ1952 (እ.ኤ.አ.) ከተከፈተ ጀምሮ እዚህ ዕፅዋትና እንስሳት ሲጠኑ ኖረዋል። መልኮ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል ቡናን ሲመረምር ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ቀፎ ሰቅለው ያረጁ፣ የትኛው ዛፍ መቼ እንደሚያብብ በቃላቸው የሚነግሯችሁ አባቶችና እናቶችም አሉ። የጎደለው እነዚህ ሰዎች ከሰፈሩ ሕዝብ ጋር ቁጭ ብለው የሚያወሩበት ቦታ ነው። ጡረታ የወጣ መምህር፣ ባለሱቅ፣ ልጆቿን አሳድጋ የጨረሰች እናት፣ የባጃጅ ሾፌር... ትምህርት ቤት ከለቀቁ ዘመን ቢሆናቸውም የማወቅ ፍላጎታቸው ያልበረደ ሰዎች ሞልተዋል። ይህ መመሪያ ለእነሱ በየወሩ አንድ ገለጻ ማዘጋጀት ለምትፈልጉ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ርዕሱ ሰው በማግስቱ ጠዋት ደጁ ወጥቶ ሊያየው የሚችለው ነገር ይሁን። ስለ ዓለም ሙቀት መጨመር በጥቅሉ ከምታወሩ ጓሮ ስላለችው ሾላ አውሩ። ሰው ሰኞ ጠዋት ሥራ ሲሄድ ዛፏን ቀና ብሎ ካያት ተመልሶ ይመጣል፤ የሚያየው ነገር ካላገኘ ግን ገለጻው ምንም ቢያምር በሁለተኛው ወር ይቀራል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚያያዘው ከዚህ ጋር ነው።

1. አራት አምስት ሰው ሰብስቡ

ብቻችሁን አትጀምሩ። አንዱ ተናጋሪ ያፈላልጋል፣ አንዱ አዳራሹንና ወንበሩን ይይዛል፣ አንዷ ቡናውንና ሒሳቡን ትመራለች፣ ሌላው የተባለውን በደብተር ይጽፋል። ሥራው ለአንድ ሰው ሲከብድ መድረኩ በሰውየው ጉንፋን ምክንያት ይሰረዛል፤ አንዴ የተሰረዘ ነገር ደግሞ እንደገና ለመነሳት ይከብደዋል።

አምስተኛው ሰው አማርኛና አፋን ኦሮሞ እኩል የሚናገር መሆን አለበት። እዚህ ላይ አትደራደሩ። ጅማ ላይ በአንድ ቋንቋ ብቻ የሚካሄድ የሰፈር መድረክ ግማሹን ሰው በር ላይ አስቀርቶታል፤ ከሁሉም በላይ የሚቀሩት ደግሞ ስለ ጫካውና ስለ ንቡ አብልጠው የሚያውቁት የገጠሩ ሰዎች ናቸው።

ሐሳቡን ለቀበሌው ቀድማችሁ በቃልም በደብዳቤም አሳውቁ። ምን እንደምታደርጉ፣ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንደሚናገር፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል። የዕድር ዳኛውንም አትርሱ። ዕድሩ ካወቀው ሰፈሩ አወቀው ማለት ነው።

2. አዳራሹን በዝናብ ፈትኑት

የቀበሌ አዳራሽ፣ የትምህርት ቤት ክፍል፣ የዕድር ቤት፤ ሁሉም ይሆናል። የጅማ ሙዚየምም ሊጠየቅ የሚገባው ቦታ ነው። የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ምቹ ቢሆንም ለዚህ ሥራ የመጀመሪያ ምርጫዬ አይደለም። በር ላይ መታወቂያ መጠየቅ አለ፣ ፍተሻ አለ፣ ግቢው ሰፊ ነው፤ ነጠላ ለብሰው የመጡ እናት «የተማረ ሰው ቦታ ነው» ብለው ይመለሳሉ። ሰው የለመደበት ቦታ ይሻላል።

ቦታ ስትመርጡ ጣሪያውን ቀና ብላችሁ እዩ። ኮርኒስ አለው ወይስ ባዶ ቆርቆሮ ነው? ጅማ በዓመት ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ዝናብ የሚጥልባት ከተማ ናት። ባዶ ቆርቆሮ ላይ የከሰዓት ዝናብ ሲወርድ ማይክ ይዛችሁም አትሰሙም። ኮርኒስ ያለው ትንሽ ክፍል ኮርኒስ ከሌለው ትልቅ አዳራሽ በብዙ እጅ ይበልጣል። ሌላ ቦታ ከሌለ ደግሞ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ገለጻ ወደ ጠዋት አዙሩት፤ ዝናቡ ብዙ ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት ነው።

ከዚያ ወንበር። ሰዉን በረድፍ አታስቀምጡት፤ በግማሽ ክብ ይሁን። መሐል ላይ ጠረጴዛ አስቀምጡ፣ ዕቃው እዚያ ይዘረጋል። ለልጆች ፊት ለፊት ምንጣፍ ይነጠፍ፤ ልጅ ይዞ መምጣት ካልተፈቀደ ብዙ እናቶች አይመጡም።

3. ቀንና ሰዓት

ሐሙስ የገበያ ቀን ነው፣ አይሆንም። ዓርብ ጁምዓ አለ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን አለ። የሚቀረው ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ዐስር ሰላት የሚገባው ወደ 10 ሰዓት ገደማ ስለሆነ 8 ሰዓት ላይ ጀምራችሁ 9 ተኩል ላይ ጨርሱ። ሰጋጁ ሳይቸኩል ይደርሳል፤ መቆየት የሚፈልግም ቡናውን ይጠጣል። በረመዳን ወር መድረኩን ማሳረፍ ይሻላል፤ ጾመኛ ፊት ቡና ማፍላትም ደስ አይልም።

አንድ ቋሚ ቀን ምረጡ፣ ለምሳሌ የወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ። በየወሩ አትቀያይሩት።

4. ርዕስ ከወራቱ ጋር ይሂድ

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ። የዓመቱን ርዕሶች በአንድ ቀን ቁጭ ብላችሁ አውጡ፣ የጅማን ወራት ተከትላችሁ።

መስከረምና ጥቅምት የቦዬ ረግረግ ጊዜ ናቸው። ክረምቱ ሞልቶት የሄደው ረግረግ ገና አልደረቀም፤ ከአውሮፓ ቅዝቃዜ ሸሽተው የሚመጡት ወፎችም በዚሁ ሰሞን መድረስ ይጀምራሉ። ሳሩ ውስጥ ጭራዋን እያወዛወዘች የምትሮጠው ቢጫ ደረት ያላት ትንሽ ወፍ ከነሱ አንዷ ናት። ብዙ ሰው በየዓመቱ ያያታል፣ ከየት እንደመጣች ግን አያውቅም። ይህን ብቻ መንገር አንድ አዳራሽ ሰው ያስደምማል። በዚያው ገለጻ ረግረጉ ለከተማው ምን እንደሚሠራ ይነገር፦ የክረምቱን ጎርፍ ይዞ ቀስ እያለ ይለቃል፣ ከላይ የሚመጣውን ጭቃ ያስቀራል፣ ለከብቱ የበጋ ሳር ይሰጣል። ቦዬና አካባቢው የሸክላ ጡብ የሚመረትበትም ቦታ እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን። ጡብ ሠሪዎቹን ጥሩ፤ ተከሳሽ አድርጋችሁ ግን አታቅርቧቸው። አፈሩን ከማንም በላይ ያውቁታል፣ እንጀራቸውም እዚያ ነው፤ ተሰድበው ከሄዱ ውይይቱ በዚያው ሞተ።

ኅዳርና ታኅሣሥ የቡና ለቀማ ነው፣ የገጠሩ ሰው ጊዜ የለውም። ለከተማው ሰው የሚሆን ርዕስ አቅርቡ። ጅብ አንዱ ነው። ሌሊት ጩኸቱን የማይሰማ የጅማ ሰው የለም፣ እውነተኛ ኑሮውን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። በጅብ መንጋ ውስጥ የበላይዋ ሴቷ ናት፤ ከወንዱ ትገዝፋለች፣ ቀድማም ትበላለች። አጥንት ሰብሮ መፍጨት ስለሚችል ኩሱ ነጭ ሆኖ ይታያል። «ጅብ ወንድም ሴትም ነው ይባላል፣ እውነት ነው?» የሚል ጥያቄ አይቀርም። ተናጋሪው ሳያፍር በቀጥታ ይመልስ፦ የሴቷ አካል ከውጭ ሲታይ የወንድ ስለሚመስል ነው ሰው የሚሳሳተው። ሌላው ጉሬዛ ነው። ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፣ የእጁ አውራ ጣት የለም ሊባል በሚችል ደረጃ ትንሽ ነች፣ ሆዱም እንደ ከብት ተከፋፍሎ ቅጠል የሚያብላላ ነው። እነዚህን ሦስት ነገሮች የሰማ ሰው በሚቀጥለው ጊዜ ጉሬዛ ሲያይ ቆሞ ያያል።

የካቲትና መጋቢት ቡና ነው፣ ያለ ጥርጥር። የመጀመሪያው ዝናብ ጥሎ ከሳምንት እስከ አስር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ አበባው በአንድ ላይ ይፈነዳል፣ ሽታው መንገድ ላይ ይደርሳችኋል፣ በጥቂት ቀን ደግሞ ያልቃል። ገለጻው ከዚያ ሳምንት ጋር ከገጠመ ትልቅ ዕድል ነው። የሚነገረው ብዙ ነው። አረቢካ ቡና ከሁለት ሌሎች የቡና ዝርያዎች መዳቀል የተገኘ ነው፤ አንዱ ወላጁ ሮቡስታ የምንለው ነው። ወላጆቹ 22 ክሮሞሶም (የዘር መረጃ የሚይዙ ክሮች) ሲኖራቸው አረቢካ 44 አለው። የዱር ዘሩ ዛሬም በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ውስጥ በራሱ ይበቅላል። ካፋና ያዩ በ2010 (እ.ኤ.አ.) በዩኔስኮ የተመዘገቡበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው።

የቡናው ገለጻ ላይ አንድ ታሪክ እንዳይቀር። በ1971 (እ.ኤ.አ.) የቡና ፍሬ በሽታ፣ ገበሬው ሲቢዲ የሚለው፣ ወደ አገራችን ገባ። አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ ነው። ተመራማሪዎች ጫካና ማሳ እየዞሩ በሽታው ያልጣላቸውን እናት ዛፎች ለቀሙ፣ ዘራቸውን አባዝተው ለገበሬው ሰጡ። ዛሬ ገበሬው 74110፣ 74112፣ 74158 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ቡናዎች እነዚያ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 ዘሩ የተሰበሰበበት ዓመት ነው፣ 1974 እ.ኤ.አ.። ይህን ቁጥር በየቀኑ እየጠራ ከየት እንደመጣ ያልተነገረው ሰው ሲሰማ ፊቱን እዩት።

ክረምቱ ለአፈርና ለድንጋይ ይሁን። ሁሉም ሰው ቀይ ጭቃ ጫማው ላይ ይዞ ስለሚገባ ማስረጃው አብሮት ነው። ይህ ቀይ አፈር እሳተ ገሞራ የተፋው ድንጋይ በሙቀትና በዝናብ ብዙ ዘመን ተበልቶ የሆነ ነው፤ ቀለሙን የሰጠው ብረት ነው። በአገሪቱ የጂኦሎጂ ካርታ ላይ በጅማ ስም የተሰየመ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ መኖሩም ይነገር፤ ሰው ይኮራል፣ መኩራትም ይገባዋል።

አሞራም አንድ ወር ይገባዋል። ጥንብ አንሳ የሞተ ከብት በልቶ በሽታውን በሆዱ አሲድ ይገድለዋል። ዛሬ ግን በመላው አፍሪካ ቁጥሩ በጣም እየቀነሰ ነው፣ ዋናው ምክንያትም መርዝ ነው። ለውሻ ወይም ለጅብ ተብሎ ሥጋ ላይ የተደረገ መርዝ መጨረሻ ላይ አሞራውንም ይገድላል። በየቄራው አካባቢ ሰፍሮ የምናውቀው ትንሹ ጥንብ አንሳ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ደረጃ በከፋ የመጥፋት አደጋ ውስጥ ካሉት ተመድቧል። ሽማግሌዎቹን «ድሮ ስንት ታዩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሳቸውን ጻፉት።

ንብ፣ እንሰት፣ ኮሮሪማ፣ እባብ... ርዕስ አያልቅም።

5. ተናጋሪ በጥንድ ጥሩ

በኔ እምነት ትልቁ ምስጢር ይኸው ነው። አንድ ያጠና ሰውና አንድ የኖረበት ሰው አብረው ይቅረቡ። ስለ ንብ ከሆነ የእርሻ ኮሌጅ መምህርና ቀፎ ሰቃይ፣ ስለ ቡና ከሆነ ተመራማሪና ገበሬ። የኖረበት ሰው ይቅደም። በባህላችን ታላቅ ይናገራል፣ ታናሽ ይሰማል፤ ይህ ለመድረኩም ይጠቅማል። አባት መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ያዩትን ይነግራሉ፣ ከዚያ ተመራማሪው ያንን እየጠቀሰ «አባ ያሉት እኮ ምክንያቱ ይህ ነው» እያለ ይቀጥላል። ሳይንሱና ልምዱ ሳይጣጣሙ ሲቀሩም ችግር የለም፣ በአክብሮት ይነገር፤ «አንቱ ያዩት ይህን ነው፣ እኛ ስንለካ ያገኘነው ደግሞ ይህን ነው» ማለት ማንንም አያስቀይምም።

ተናጋሪውን ስትጋብዙ ምን እንደምትፈልጉ በግልጽ ጻፉለት። ካልጻፋችሁ የተማሪ ሌክቸሩን ይዞ ይመጣል። እንዲህ ያለ መልእክት ይበቃል፦

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በሰፈራችን በወሩ መጀመሪያ ቅዳሜ ስለ ተፈጥሮ የምንማርበት መድረክ አለን። የሚመጡት ከአርባ ዓመት በላይ የሆኑ የሰፈር ሰዎች ናቸው፣ የዘርፉ ተማሪዎች አይደሉም። ስለ ሾላ 25 ደቂቃ እንዲነግሩን እንለምናለን። ሰው በእጁ የሚነካው ነገር ይዘው ቢመጡ ደስ ይለናል። በሳይንስ ስሙ ሲጠሩት የአማርኛና የኦሮምኛ ስሙንም ይጨምሩልን። ቀሪው ጊዜ ለጥያቄ ነው። አበል የለንም፣ ትራንስፖርትና ቡና ከእኛ።»

25 ደቂቃ ያልኩት በምክንያት ነው። ቀኑን ሙሉ የሠራ ሰው ከዚያ በላይ ቁጭ ብሎ አይሰማም፤ ትርጉም ሲጨመርበት ደግሞ ይረዝማል። በየዓረፍተ ነገሩ አታስተርጉሙ፣ ሁለቱንም ወገን ያደክማል። ተናጋሪው ሰባት ስምንት ደቂቃ ይናገር፣ ከዚያ አስተርጓሚው ፍሬ ነገሩን በሁለት ደቂቃ ይበል።

ከአንድ ሳምንት በፊት ደውሉ። ከአንድ ቀን በፊት እንደገና ደውሉ። ተናጋሪው ቢቀር የሚተካ ርዕስና ሰው ከቡድናችሁ ውስጥ ይኑር፤ ሕዝብ ሰብስቦ መበተን አይቻልም።

6. መብራት የለም ብላችሁ ተዘጋጁ

ፕሮጀክተር ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ገለጻው ግን ያለ ፕሮጀክተርም መሄድ አለበት፣ መብራት መቼ እንደሚጠፋ አይታወቅማ። አምስት ስድስት ፎቶ በትልቁ አሳትሙና እጅ በእጅ ይዙር። ሰሌዳና ጠመኔ ይኑር። አጉሊ መነጽር ሁለት ሦስት ግዙ፤ ለዚህ ሥራ ከምታወጡት ገንዘብ ሁሉ በጣም የሚክሰው እሱ ነው።

ዕቃ ማለቴ እውነተኛ ዕቃ ነው። ቅጠል፣ ፍሬ፣ ቅርፊት፣ ድንጋይ፣ የወደቀ ላባ፣ የተተወ የወፍ ጎጆ፣ የንብ እንጀራ። ከነሕይወቱ የተያዘ ወፍ ወይም እንስሳ አይምጣ፣ እንቁላል አይነሳ፣ ቅርንጫፍ ሲቆረጥም ከባለቤቱ ተጠይቆ ይሁን።

ሾላውን እንደ ምሳሌ ልውሰድ፣ እኔ ከሁሉም የምወደው ገለጻ እሱ ነውና። ጠዋት ላይ ከዛፉ ላይ ሃያ ሠላሳ ፍሬ አውርዱ፤ ጥሬውም፣ ሊበስል የተቃረበውም፣ የበሰለውም ይኑርበት። ለየሦስት ሰው ጥቂት ፍሬና አንድ ምላጭ አድርሱ፣ ለልጆች ግን ትልቅ ሰው ይቁረጥ። ፍሬውን ከጫፉ እስከ እጀታው ለሁለት ሰንጥቁት፣ የስልክ መብራት አብሩበት፣ በአጉሊ መነጽር እዩ። ውስጡ በሙሉ ጥቃቅን አበባ ነው። ሾላ አያብብም የሚባለው አበባው ወደ ውስጥ ስለዞረ ነው። ጫፉ ላይ ያለችው ቀዳዳ የተርቧ በር ናት። ሊበስል በተቃረበው ፍሬ ውስጥ ተርቦቹን ታገኟቸዋላችሁ፣ የጤፍ ፍሬ ታህላለች አንዷ። እናቲቱ በጠባቧ በር ስትገባ ክንፏ ይሰበራል፤ ከሌላ ሾላ ያመጣችውን የአበባ ዱቄት አበባው ላይ አራግፋ፣ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። የሚፈለፈሉት ወንዶች ክንፍ የላቸውም። ከሴቶቹ ጋር ከተገናኙ በኋላ ግድግዳውን በስተው መውጫ ይሠሩላቸዋል፤ ሴቶቹ ዱቄቱን ይዘው ሌላ ሾላ ፍለጋ ይበራሉ። ተርቧ ከሌለች ሾላው ዘር የለውም፣ ሾላው ከሌለ ተርቧ ቤት የላትም። ይህ ስምምነት ከ60 ሚሊዮን ዓመት በላይ የቆየ ነው።

ይህን ሁሉ ተናጋሪው ቀድሞ አይናገረው። መጀመሪያ ሰዉ ይሰንጥቅ፣ ይይ፣ «ይቺ ምንድን ናት?» ይበል። ከዚያ ይመልስ። «እስከ ዛሬ ተርብ ስንበላ ኖረናል ማለት ነው?» የሚል ሰው አይጠፋም። መልሱ «አዎ፣ ምንም አይጎዳም» ነው።

ሾላውን ተከትሎ ወደ ሌላ መሄድ ይቻላል። ምንቃሩ ላይ ቆብ የደፋ የሚመስለው ትልቁ ጥቁርና ነጭ ወፍ ሾላ ሲበስል ይመጣል፣ ዘሩንም ይበትናል። ሴቷ እንቁላል ስትጥል የዛፍ ጉድጓድ ውስጥ ገብታ በሩ በጭቃ ይዘጋባታል፤ በቀረችው ስንጥቅ ወንዱ ያበላታል። እሱ ለሌላ ወር የሚሆን ራሱን የቻለ ርዕስ ነው።

7. ሰው ጥሩ

ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ክፈቱ፣ ግን እሱ ላይ ብቻ አትመኩ። የምትፈልጓቸው ብዙዎቹ ቴሌግራም አያዩም። በዕድር ስብሰባ ይነገር፣ በመስጊድና በቤተ ክርስቲያን በር ላይ ወረቀት ይለጠፍ፣ ሻይ ቤትና ፀጉር ቤት ንገሩ። ወረቀቱ ላይ በሁለቱም ቋንቋ አንድ ጥያቄ ይጻፍ፦ «ሾላ ለምን አያብብም?» «74110 ምን ማለት ነው?» እንደ «የብዝኃ ሕይወት ግንዛቤ ማስጨበጫ መርሐ ግብር» ያለ ርዕስ ግን ሰው ያባርራል።

አበል አትክፈሉ። ይህን አጥብቄ እላለሁ። አንዴ ከተከፈለ ሰው የሚመጣው ለገንዘቡ ነው፣ ያልተከፈለ ቀን አዳራሹ ባዶ ይሆናል። ቡናና ፈንዲሻ ግን ይኑር፣ ያ አበል አይደለም፣ ወግ ነው።

8. የዕለቱ አካሄድ

ቡድኑ 7 ሰዓት ላይ ይድረስ። ወንበር፣ ጠረጴዛ፣ ማይክ፣ ከሰል። 8 ሰዓት ሲሆን አሥር ሰውም ቢሆን ጀምሩ፤ የዘገየ በሚቀጥለው ወር ቀድሞ ይመጣል። አንድ ሽማግሌ ይመርቁ። የቡድኑ ሰው በሁለት ደቂቃ ተናጋሪዎቹን ያስተዋውቅ፤ የክብር እንግዳ ንግግር፣ መክፈቻ ንግግር፣ የምስጋና ንግግር የሚባል ነገር አታስገቡ። የኖረበት ሰው አሥር ደቂቃ፣ ያጠናው 25፣ ትርጉሙ ከነሱ ጋር። ከዚያ ሁሉም ተነስቶ ጠረጴዛው ዘንድ ይምጣ፣ ይንካ፣ ያሽት። ቡናው በዚህ ጊዜ ይቀዳ። ሰው ስኒ ይዞ ቆሞ ሲያወራ ነው እውነተኛው ጥያቄ የሚወጣው። የቀረው ጊዜ ለጥያቄ ነው።

9. ጥያቄ ማስተናገድ

መጀመሪያ ሴቶችን ጠይቁ። ካልጠየቃችኋቸው ወንዶቹ ጊዜውን ይጨርሱታል። ለሚያፍሩ ብጣሽ ወረቀት አድሉ። መጻፍ ለማይችል ልጆቹ ይጻፉለት።

ማይኩን ይዞ «ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ብሎ ሩብ ሰዓት የሚናገር ሰው አለ። በየመድረኩ አለ። መድረክ መሪው ማይኩን ራሱ ይዞ ይዙር፣ ለማንም አይስጥ። ሰውየው ሲያረዝም «ጋሼ፣ ነጥቡን ይዘነዋል፣ ለመምህሩ እናቅርበው» ብሎ በትሕትና ይውሰደው።

ስለ ፍጥረት አጀማመር የሃይማኖት ጥያቄ ይነሳል። ተናጋሪው ሳይንሱ የሚለውን በአጭሩ ይናገር፣ የማንንም እምነት አይንካ፣ ክርክር ውስጥ አይግባ። እንዲያ ያለው ጉባኤ ሌላ ቦታ አለው። ተናጋሪው የማያውቀው ጥያቄ ሲመጣ ደግሞ ደብተር ላይ ይመዝገብና በሚቀጥለው ወር መጀመሪያ ላይ መልሱ ይነበብ። ጠያቂው መልሱን ለመስማት ይመጣል፣ ጎረቤቱንም ይዞ።

10. በሦስት ወር አንዴ ውጡ

ቦዬ ቅርብ ነው፣ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ በባጃጅ ይደረሳል። ከአሥራ አምስት ሰው በላይ አትውሰዱ፤ ወፉም ይሸሻል፣ የኋላው ሰውም አይሰማም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ጀምሩ። ቦዬ ጉማሬ የሚታይበት ውሃ ስለሆነ በጨለማ ዳሩ ላይ መሄድ አይገባም። ጉማሬ ሌሊት ሲግጥ አድሮ ንጋት ላይ ወደ ውሃው ይመለሳል፤ በእሱና በውሃው መሐል መቆም በጣም አደገኛ ነው። ባዶ እግራችሁንም ወደ ውሃው አትግቡ፣ ቢልሃርዝያ አለ። ቦቲ ጫማ አድርጉ።

አንድ ሁለት የወፍ መነጽር ካለ በተራ ይታይ። መነጽር ከሌለም ጆሮ አለ። ጋጋኖን ሲጮህ ስሙት፤ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጪ የማይገኝ ወፍ ነው፣ እኛ ግን ከልጅነታችን ስለሰማነው ተራ ይመስለናል። ረግረጉ ውስጥ ዘውድ የደፋችው ትልቅ ወፍ ከታየች ሁሉም ባለበት ይቁም፤ ፎቶ ለማንሳት የሚጠጋ ሰው ያስነሳታል። ዕድሜያቸው የገፋ አባትና እናት ካሉ መንገድ ዳር ማረፊያ አስቀድማችሁ ምረጡ። ታጣፊ ወንበር አንድ ሁለት ያዙ።

ርቆ መሄድ ለሚፈልግ የበለጠ ጫካ አለ። እሱ ግን ሙሉ ቀንና መኪና ይጠይቃል፣ ከለቀማ ወራት ውጪም ይሁን።

11. ገንዘብና ደብተር

ወጪው ቡና፣ ስኳር፣ ከሰል፣ ፈንዲሻ፣ ፎቶ ማሳተሚያና የተናጋሪው ትራንስፖርት ነው። በር ላይ ሳጥን አስቀምጡ፣ የቻለ ይጣል። የገባውንና የወጣውን በየወሩ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ትንሽ ገንዘብ ቢሆንም ይለጠፍ፣ ሐሜት የሚጀምረው ከትንሽ ነው።

ደብተሩን አደራ። ቀኑ፣ ርዕሱ፣ ስንት ሰው እንደመጣ፣ ያልተመለሱ ጥያቄዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሽማግሌዎቹ የተናገሩት ይጻፍ። የትኛው ጫካ የት ድረስ ነበር፣ አዌቱ ወንዝ ውስጥ ምን ዓሣ ይያዝ ነበር፣ ንብ የትኛውን አበባ ተከትሎ ይመጣ ነበር። ሽማግሌዎቹን ስማቸው እንዲጻፍ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቁ። ስልክ የያዙ ወጣቶች ፎቶውን አይናቹራሊስት፣ የወፍ ዝርዝሩን ኢበርድ በሚባሉት የተፈጥሮ መረጃ መመዝገቢያ ድረ ገጾች ላይ ያስገቡ፤ ከጅማ የሚገባ እያንዳንዱ መረጃ ለአጥኚዎች ይጠቅማል። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ከ1966 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዚህ ሥራ ላይ ያለ ነው፤ ጻፉላቸው፣ ምክር ጠይቁ።

በሦስተኛው ወር ሰው ይቀንሳል። አትደንግጡ፣ በየመድረኩ ያጋጥማል። የቀሩትን ደውላችሁ ጠይቁ፣ «ለምን ቀሩ?» ሳይሆን «ሰላም ነዎት ወይ? በሚቀጥለው ምን ቢቀርብ ይወዳሉ?» ብላችሁ። ሦስት ሰው የጠራውን ርዕስ ለቀጣዩ ወር አድርጉት። መጀመሪያ በምን እንጀምር ብላችሁ ከተቸገራችሁም በሾላ ጀምሩ፦ መብራት አይፈልግም፣ ፍሬው በነፃ ነው፣ ያስፈለጋችሁ ምላጭና አጉሊ መነጽር ብቻ ነው።